ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ፦ የሠፈራችን ትምህርት በአራት ትውልድ እንዴት ተለወጠ?

ጥያቄ — የግንፍሌ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የተወለድኩትና ያደግሁት ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚወርደው መንደር ሲሆን፣ እናቴና የእናቴ ወላጆችም የኖሩት እዚያው ነው። ለቤተሰባችን ልጆች የሚቀር ማስታወሻ እየጻፍኩ ስለሆነ፣ የሠፈሩን ሰዎችና በዚያ ያስተማራችሁ መምህራንን ሁሉ ትረዱኝ ዘንድ እለምናለሁ።

አያቴ ፊደል የቆጠሩት ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ከየኔታ እግር ሥር ሆነው ከሀ ሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ እየተሻገሩ ዳዊት ደገሙ፤ ትምህርታቸውም በዚያ አበቃ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ያስከፈቱት ትምህርት ቤት ከቤታቸው በእግር የሚደረስበት ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያ ዘመኑ ተማሪዎቹ በአብዛኛው የመኳንንትና የሹማምንት ልጆች ስለ ነበሩ፣ የአናጢ ልጅ የሆኑት አያቴ የሚያውቁት አጥሩን ብቻ ነበር። ሴት አያቴ ደግሞ እስክሪብቶ የጨበጡት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን ካለፈ በኋላ፣ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው። ያስተማራቸው ልጅ የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሲሆን፣ እርሳቸው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ «መምህሬ» እያሉ ይጠሩት ነበር።

እናቴ በ1950ዎቹ በሠፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተምራ ስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ አልፋለች። እኔም በደርግ ዘመን እዚያው ትምህርት ቤት፣ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት እየገባሁ ተማርኩ። ልጄ ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቪስ ተሳፍራ፣ እኔና እናቴ የተማርንበትን በር አልፋ፣ ሌላ ክፍለ ከተማ ወዳለ የግል ትምህርት ቤት ትሄዳለች። በግቢያችን ከሚኖሩት አራት አባወራዎች ልጆች መካከል በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ ሁለት እንኳን የሉም።

እንድትነግሩኝ የምፈልገው እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ የሠፈሩ መሆኑ የቀረው መቼ ነው? እናቴ እንደምትለው የሀብታሙም የድሃውም ልጅ በእርግጥ በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበርን? በ2016 ዓ.ም. ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ዙሪያ ብዙ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ስለ ሄደ፣ የቀሩት የሠፈር ትምህርት ቤቶች የማን እየሆኑ ነው?

መልስ — ጡረተኛ መምህር

ጥያቄዎ ልቤን ነክቶታል። በ1961 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አርባ ዓመት ያስተማርኩት እርስዎ በጠቀሷቸው ሁለት ሠፈሮች መካከል ባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው። ስለዚህ ስመልስ ረዘም ብል እንዲታገሡኝ እጠይቃለሁ።

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር። የወይዘሮ እናትዎ ትዝታ እውነት ነው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ማስተማር በጀመርኩበት ዘመን ከክፍሌ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ዋና ጸሐፊ ልጅ፣ የጠጅ ነጋዴ ልጅ፣ የዘበኛ ልጅና የልብስ አጣቢ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጡ እንደ ነበር በዓይኔ ያየሁት ነው። ነገር ግን ያ አግዳሚ አንድ ያደረገው መግባት የቻሉትን ብቻ ነበር። በዚያው ሰዓት ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ ጫማ የሚጠርጉ፣ ጋዜጣ የሚያዞሩ፣ ታናናሾቻቸውን አዝለው በር ላይ የሚቆሙ ልጆች ከገቡት ያላነሱ ነበሩ። የድሃው ልጅ ከሀብታሙ ልጅ ጋር ተማረ የምንለው፣ ከብዙ ድሆች ልጆች አንዱ ስለ ተማረ ነው። ማስታወሻዎ ላይ ይህ እንዲገባ አደራ እላለሁ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ፣ አንድ የመዞሪያ ዓመት ከመፈለግ ይልቅ የትምህርት ቤቱ በር ለማን እንደ ተከፈተና ለማን እንደ ተዘጋ መከታተል ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከወረራው በፊት የነበሩት ጥቂት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም ዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን፣ በ1924 ዓ.ም. ለልጃገረዶች የተከፈተው እቴጌ መነን፣ ሁሉም በእኛው አካባቢ የነበሩ ቢሆንም የአገር እንጂ የሠፈር ትምህርት ቤቶች አልነበሩም፤ ልጆችን ከየጠቅላይ ግዛቱ ይቀበሉ ነበርና። ከእነዚህ በቀደሙት ፈረንሳይኛ ትልቅ ቦታ ነበረው፤ ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ግን ቦታውን እንግሊዝኛ ወሰደ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን ነው፣ በእኔ ግምት፣ የሠፈር ትምህርት ቤት የሚባለው ነገር በእርግጥ የተወለደው። ከዚያ በፊት ሒሳብና ጂኦግራፊ ለማስተማር የውጭ አገር መምህር ወይም እንግሊዝኛ በሚገባ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደ እኔ ያለ የማሠልጠኛ ምሩቅ በልጆቹና በእናቶቻቸው ቋንቋ አስተማረ። የወላጆች ስብሰባ ላይ እናቶች እጃቸውን አውጥተው መናገር የጀመሩትም ያን ጊዜ ነው።

በ1966 ዓ.ም. የካቲት ላይ የመምህራን የሥራ ማቆም አድማ ሲደረግ እኔም ከአድመኞቹ አንዱ ነበርኩ። የደመወዝ ጥያቄ ነበረን፤ ነገር ግን ወላጁን ከእኛ ጋር ያቆመው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ነበር። ዕቅዱ መሠረታዊ ትምህርትን ለብዙኃኑ ለማዳረስ ያሰበ መሆኑን ዛሬ ረጋ ብዬ ሳነበው እረዳለሁ። ያን ጊዜ ግን በሠፈራችን የተሰማው «የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም ተባለ» ተብሎ ነው። ልብስ አጣቢዋ እናት ከትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆማ «ልጄ የኔን ሥራ እንድትወርስ ነው የምትፈልጉት?» ብላ ርእሰ መምህሩን ስትጠይቅ ሰምቻለሁ። ትምህርት ከድህነት መውጫ መሆኑን ያን ያህል ያመነ ትውልድ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ከአብዮቱ በኋላ የግል ትምህርት ቤቶች የሕዝብ ሆኑ፤ ምዝገባው ጨመረ፤ ሕንፃው ግን ያው ነበር። እርስዎ የተማሩበት ፈረቃ የመጣው ከዚህ ነው። ጠዋት ሰማንያ፣ ከሰዓት ደግሞ ሌላ ሰማንያ ልጅ በአንድ ክፍል አስተምሬአለሁ። ደብተር አርሜ የማልጨርስበት ዓመት ስለ ነበር፣ የማን ልጅ ማንበብ እንዳልቻለ የማውቀው ከመንፈቅ ዓመት ፈተና በኋላ ነበር። ይህን የምናገረው እያዘንኩ ነው፤ በሩ ለሁሉም ሲከፈት እኛ መምህራን ለእያንዳንዱ ልጅ የምንሰጠው ጊዜ አለቀ።

አሁን ወደ ጠየቁኝ ቁም ነገር ልድረስ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ትምህርት ቤት መክፈት ተፈቀደ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አበረታታው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ለውጡ አልታወቀንም። ኋላ ግን በወላጅ ኮሚቴ ውስጥ የሚናገሩት፣ መስኮቱ ሲሰበር ደብዳቤ የሚጽፉት፣ መምህር ሲቀር ቢሮ ድረስ የሚሄዱት ወላጆች አንድ በአንድ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። ከክፍሌ የወጡት ልጆች ከስልሳው ስምንት ወይም ዘጠኝ ነበሩ። ከኮሚቴው የወጡት ግን ሁሉም ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤቱ የሠፈሩ መሆኑ የቀረው፣ እኔ እንዳየሁት፣ ያን ጊዜ ነው። ልጆቻቸውን ያወጡትን አልወቅስም፤ በመጨረሻ የእኔም የልጅ ልጆች የተማሩት በግል ትምህርት ቤት ነው።

መልስ — የማታ ተማሪ

ጋሼ መምህር፣ ከእግዚአብሔር በታች ያስተማሩኝ እንደ እርስዎ ያሉ መምህራን ስለሆኑ ጽሑፍዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ሆኖም እስካሁን ማንም ያላነሣው አንድ የሠፈራችን ትምህርት ቤት አለ፤ እርሱም የማታው ነው።

ወደ አራት ኪሎ የመጣሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ከጎጃም፣ ሰው ቤት ለመሥራት ነው። ቀን ቀን የቀጠሩኝን ሴትዮ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ እመልሳለሁ፤ ማታ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ግን ራት አዘጋጅቼ በዚያው ትምህርት ቤት፣ በዚያው ክፍል፣ ምናልባትም እነዚያ ልጆች በተነሡበት አግዳሚ ላይ እቀመጥ ነበር። ከእኔ ጋር ሌሎች የቤት ሠራተኞች፣ ዘበኞች፣ ወታደሮች፣ የጋራዥ ልጆችና ሁለት ሽበት ያወጡ አባት ይማሩ ነበር። መብራት በጠፋ ጊዜ መምህራችን ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ በቃል ያስጠኑን ነበር እንጂ ሂዱ አይሉንም።

በቀኑ ትምህርት ቤት ውስጥ ሀብታምና ድሃ መቀላቀሉን ወይም መለያየቱን ስንከራከር፣ ቀን ቀን የልጆቹን ምሳ የሚቋጥሩት፣ ዩኒፎርማቸውን የሚተኩሱት ሴት ልጆች የት ይማሩ እንደ ነበር መጠየቅ ይገባናል። እኔ ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በማታ ለመጨረስ አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ በመካከሉ አንዲት አሠሪ «ትምህርት ወይም ሥራ፣ አንዱን ምረጪ» ስላሉኝ ሁለት ዓመት አቋርጬአለሁ። ዛሬ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራለሁ።

አሁን የማታው ክፍል በብዙ ቦታ ተዳክሟል። ተማሪው ከመሐል ከተማ ሲርቅና የቤት ኪራይ ዳር ዳሩን ሲገፋው፣ ማታ ትምህርት ጨርሶ ወደ ቤት የሚመልሰው ታክሲ አያገኝም። ጠያቂው ወንድሜ፣ የልጅዎን ሰርቪስ ሲጽፉ፣ እባክዎ ያን ልጅ ጠዋት ከሰርቪሱ በር የምታደርሳትን ሴት ትምህርትም ይጠይቁ።

መልስ — ሀሩን

አጭር ነገር ልጨምር። የቄስ ትምህርት ቤት ሲነሣ የቁርአን ቤቱም ሊረሳ አይገባውም። አባቴ በልጅነታቸው በሎህ (በእንጨት ሰሌዳ) ላይ በቀለም የተጻፈላቸውን አንቀጽ በቃል ይዘው፣ አጥበው፣ ሌላ እንዲጻፍላቸው ያቀርቡ እንደ ነበር ይነግሩን ነበር። ጠዋት ቁርአን ቤት፣ ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት፤ የእኔም ልጅነት እንደዚያው ነበር። ፈረቃው ለእኛ እንኳን ጠቅሞናል፤ ከሰዓት በምንገባበት ሳምንት ኡስታዙ ዘንድ እስከ ቀትር እንቆይ ነበርና። ዛሬ ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ በትምህርት ቤትና በመንገድ ስለሚያልቁ፣ ቁርአን የሚማሩት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ሆኗል። የዳዊቱም ነገር ከዚህ የተለየ እንዳይደለ የክርስቲያን ጎረቤቶቼ ነግረውኛል።

መልስ — የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ መምህር

ሦስተኛውን ጥያቄ ለመመለስ እሞክራለሁ፤ ዛሬ በዚያው አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሰባተኛ ዓመቴን እያስተማርኩ ነው።

ቤቶቹ በተነሡበት ዓመት አጋማሽ ላይ መልቀቂያ የሚጠይቅ ወላጅ ከቢሮ በር ላይ ተሰልፎ አይቻለሁ። አንዳንዱ ልጁን በተዛወረበት አካባቢ አስመዘገበ። አንዳንዱ ግን ዓመቱ እስኪያልቅ ብሎ በሁለት ታክሲ እያመላለሰ አስጨረሰ። ከክፍሌ ዐሥራ አንድ ልጆች ሄዱ። ከሁለት ወር በኋላ አንደኛዋ ለሰላምታ መጥታ፣ አዲሱ ትምህርት ቤት ጥሩ መሆኑን፣ ነገር ግን በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር እንደምትቆም ገና እንዳላወቀች ነገረችኝ።

የሄዱትን የተኩ ልጆችም አሉ፤ እነርሱ ግን በአብዛኛው የሠፈሩ አይደሉም። ወላጆቻቸው በአካባቢው መሥሪያ ቤቶችና የሕንፃ ሥራዎች ላይ የሚሠሩ፣ ጠዋት ልጃቸውን ይዘው መጥተው ማታ ይዘው የሚመለሱ ናቸው። ስለዚህ ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ፣ ትምህርት ቤቱ በሠፈሩ ከሚያድረው ሰው ይልቅ በሠፈሩ የሚውለው ሰው እየሆነ ነው የሚል ነው። የወላጅ ስብሰባ ስንጠራ የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ የሚመጡትም እርስ በርስ አይተዋወቁም። ጋሼ መምህር ከኮሚቴው ስለ ወጡት የጻፉትን ሳነብ፣ እኔ ያገኘሁት ትምህርት ቤት ከዚያ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ መሆኑ ገባኝ።

ይሁን እንጂ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወድቋል የሚለውን አልቀበልም። የከተማው አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለተማሪዎች ምግብ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ማቅረብ ሲጀምር፣ በባዶ ሆዱ ከጠረጴዛ ላይ የሚተኛ ልጅ ምን ያህል እንደ ቀነሰ የክፍል መምህር ያውቀዋል። ኮሮና በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ልዩነቱ በግልጽ ታየ፤ በቴሌግራም ትምህርት የሚላክላቸው የግል ትምህርት ቤት ልጆች ወራቱን በሆነ መንገድ ተሻገሩ፣ ከእኔ ተማሪዎች ግን ብዙዎቹ በቤታቸው ያለው አንድ ስልክ አባታቸው ይዘውት የሚወጡት ነበር። ተመልሰው ሲመጡ ክፍልፋይ ረስተው ነበር፤ ከመጀመሪያው ጀመርን።

ፈተናን በተመለከተም አንድ ቃል ልበል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ፣ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ ብዙ ሰው የዛሬውን ልጅ ሰነፍ አደረገው። እኔ ራሴ ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በፕላዝማ ዘመን፣ ትምህርቱ በቴሌቪዥን በሚሰጥበት ጊዜ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሰው በእንግሊዝኛ ተናግሮ ያልፋል፤ መምህራችን በቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች በአማርኛ ሊደርሱልን ይሯሯጣሉ፤ ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አያየውም። ያ ልጅ አድጎ ዛሬ ወላጅ ሆኗል፣ አንዳንዱም እንደ እኔ መምህር ሆኗል። የተቋረጠውን ነገር በአንዱ ተፈታኝ ትውልድ ላይ ብቻ መጫን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

መልስ — ጡረተኛ መምህር

ለማታ ተማሪዋ እህቴ፦ ልክ ነሽ፤ ስምንት ዓመት ማታ አስተምሬ ሳለ ሳልጠቅሰው መቅረቴ አሳፍሮኛል። በማታው ክፍል የነበረው ጸጥታና ጥያቄ ቀን ላይ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ለወጣቱ የሙያ ባልደረባዬ፦ ወላጆቹ የማይተዋወቁ ከሆነ ስብሰባውን ልጆቻቸውን ለመውሰድ በሚመጡበት ሰዓት፣ በበሩ ላይ አድርጉት። እኛ በፈረቃው ዘመን፣ የጠዋቱ ወጥቶ የከሰዓቱ ሲገባ ባለችው ግማሽ ሰዓት እንዲሁ እናደርግ ነበር፤ ከአዳራሹ ስብሰባ ይልቅ ብዙ ሰው ይገኝ ነበር።

መልስ — የግንፍሌ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ መልሶቻችሁን በሙሉ ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ሴክተር ሪቪው ስትሰማ «እኔም ከእናቴ ጋር በሩ ላይ ነበርኩ» አለች፤ ይህን ከዚህ በፊት ነግራን አታውቅም። ልጄን ጠዋት ከሰርቪስ የምታደርሳት ልጅ ስምንተኛ ክፍል ላይ ማቋረጧንም ጠይቄ ዐወቅሁ፤ በአቅራቢያችን ማታ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንዳለ በዚህ ሳምንት አጣራለሁ። የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

ከዚያም ጋሼ መምህር ያሉትን ይዤ፣ አብረዋት በአግዳሚው ላይ ይቀመጡ የነበሩት እነማን እንደሆኑ እናቴን አንድ በአንድ ጠየቅኋት። አግዳሚው አራት ሴት ልጆች ይይዝ ነበር። አንደኛዋ የአንድ ሹም ልጅ ስትሆን ኋላ ሐኪም ሆናለች። ሁለተኛዋ እናቴ ናት። ሦስተኛዋ አራተኛ ክፍል ላይ እናቷ ወልዳ ሕፃኑን የሚይዝ ስለ ጠፋ ቀረች። አራተኛዋ አምስተኛ ክፍል ላይ ተዳረች፤ እናቴ ሠርጉ ላይ ነበረች፣ የቤት ሥራ ደብተሯንም መልሳላታለች።